ከተኩሱ በኋላ ያለው ሰዓት

ስለ ሩቅ የአደን ጉዞ ሲወራ ሰው ሁሉ ቶሎ ወደ ሒሳብ ይገባል። ነዳጅ ስንት፣ ትኬት ስንት፣ ተጨማሪ ሻንጣ ስንት፣ የመኪና ኪራይ ስንት። ቀጥሎ ሰዓት ይደመራል። «በመኪና ሁለት ቀን፣ በአውሮፕላን ግማሽ ቀን» ይባልና ጉዳዩ ያለቀ ይመስላል።

እኔ ሒሳቡን የምጀምረው ከሌላ ቦታ ነው። አደን ላይ ትልቁ ክብደት ያለው ሰዓት ከተኩሱ በኋላ ያለው ነው። እንስሳው ወድቆ ሥጋው ቶሎ መቀዝቀዝ ያለበት ሰዓት። ወይም ቆስሎ ጫካ የገባበትና ዱካው መፈለግ ያለበት ሰዓት። ያ ሰዓት የእንስሳው ነው ብዬ አምናለሁ። ነፍስ ያጠፋ ሰው ሥራውን ሳይጨርስ ሰዓቱን አይቶ መሄድ የለበትም። ስለዚህ መኪና ወይስ አውሮፕላን የሚለውን የምመዝነው፣ ያንን ሰዓት የትኛው ይሰጠኛል ብዬ ነው።

አቋሜን አስቀድሜ ልናገር። መንገዱ በሁለት ቀን የሚያልቅ ከሆነና መሪ የሚቀባበል ጓደኛ ካለ፣ በመኪና እሄዳለሁ። ውቅያኖስ የሚያሻግር ከሆነ ደግሞ ክርክር የለም። የሚያከራክረው መሃል ያለው ርቀት ነው፤ ሦስት አራት ቀን የሚያስነዳው። እዚያ ላይ ሰው አውሮፕላን ቢመርጥ አልፈርድበትም። ብቻ ምርጫው ምን እንደሚያስከፍለው አውቆ ይምረጥ።

መጀመሪያ ያቺን «ግማሽ ቀን» በደንብ እንያት። ጠመንጃ የያዘ መንገደኛ በስልኩ ቼክ ኢን አድርጎ በቀጥታ ወደ መሳፈሪያው በር አይሄድም። ባንኮኒ ላይ ቀርቦ መሣሪያ መያዙን ያሳውቃል። ወረቀት ይሞላል። ሣጥኑ ይፈተሻል። መሣሪያው ጥይት የሌለበት፣ በቁልፍ የሚዘጋ ጠንካራ ሣጥን ውስጥ የተቀመጠ መሆን አለበት። የሚጓዘውም በዕቃ ክፍል ብቻ ነው። በዓለም አቀፉ የአየር ትራንስፖርት ማኅበር ደንብ አንድ መንገደኛ ለራሱ የሚይዘው ጥይት ከነማሸጊያው ከ5 ኪሎ መብለጥ የለበትም፤ የሁለት ሰው ድርሻ አንድ ላይ ጠቅልሎ ማስገባትም አይቻልም። አየር መንገዱ አስቀድሞ መፍቀድ አለበት። ይህ ሁሉ ከመነሻው በፊት ነው። ከዚያ በረራው አለ፣ ትራንዚቱ አለ፣ ሻንጣ መጠበቁ አለ፣ መኪና መከራየቱ አለ፣ ከኤርፖርቱ እስከ ጫካው ያለው መንገድ አለ። ቤት ከተዘጋበት ደቂቃ ድንኳን እስከሚተከልበት ድረስ ቢቆጠር፣ ብዙ ጊዜ ሙሉ ቀን ይሆናል። አንዳንዴም ከዚያ በላይ።

ትራንዚት ላይ ትንሽ ልቆይ። አንዳንድ አገሮች መሣሪያው አውሮፕላን ሊቀይር ብቻ አርፎባቸው እንኳ ፈቃድ ይጠይቃሉ። በረራ ስትመርጡ ዋጋው ሳይሆን የሚያርፍበት ቦታ ይታያችሁ። ከተቻለ ቀጥታ በረራ። ካልተቻለ በሁለቱ በረራዎች መሃል ሰፋ ያለ ጊዜ። ሰው በ50 ደቂቃ ውስጥ ከአንዱ በር ወደ ሌላው ሊሮጥ ይችላል፤ የጠመንጃ ሣጥን አይሮጥም።

ከአውሮፕላን ጋር የማይሄዱ ዕቃዎችም አሉ። የድብ መከላከያ ስፕሬይ አይገባም፤ በእጅ ሻንጣም ሆነ በዕቃ ክፍል። የካምፕ ጋዝ አይገባም። ባሩድ አይገባም፤ ስለዚህ በአፈሙዝ በሚጎረስ መሣሪያ የሚያድን ሰው ባሩዱንና ማቀጣጠያውን የሚገዛው እዚያው ደርሶ ነው። ትርፍ የሊቲየም ባትሪና ፓወር ባንክ ደግሞ ተቃራኒ ነው፤ ከእጅ ሻንጣ ጋር እንጂ በዕቃ ክፍል አይሄድም። ጫካው ጥግ ያለች ትንሽ ከተማ ደርሶ፣ ሱቅ በተዘጋበት ሰዓት ለምድጃው ጋዝ መፈለግ አድካሚ ነገር ነው። መኪና ላይ ይህ ሁሉ ጣጣ የለም። የጫንከው ይደርሳል።

አሁን ዋናው ጉዳይ ጋ ደረስኩ። ጠመንጃው ራሱ።

የጠመንጃ ሣጥን በዕቃ ማጓጓዣ ላይ ይወረወራል፣ ይደራረባል፣ ይንቀጠቀጣል። ማነጣጠሪያ መነጽሩ ትንሽ ሊነቃነቅ ይችላል። ትንሽ የምትባለዋ ነገር ናት እንግዲህ የምታስፈራው። 100 ሜትር ላይ 5 ሴንቲ ሜትር የሚስት መሣሪያ፣ 300 ሜትር ላይ 15 ሴንቲ ሜትር ይስታል። የአጋዘን ልብና ሳንባ ያለበት ክልል ዲያሜትሩ ከ20 እስከ 25 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። መሃሉን ያለመ ሰው 15 ሴንቲ ሜትር ከሳተ ከዚያ ክልል ወጥቷል ማለት ነው። ወደ ኋላ ከሳተ ደግሞ የሚመታው ሆድ ነው። ስለዚህ በአውሮፕላን የሄደ ሰው ከማደኑ በፊት መሣሪያውን ዒላማ ላይ መፈተሽ ግዴታው ነው እላለሁ። መኪናም ያንቀጠቅጣል፣ እሱም ቢፈትሽ ጥሩ ነው። ልዩነቱ፣ በመኪና የሄደው ሰው ሣጥኑን ራሱ ጭኖ ራሱ ያወረደ መሆኑ ነው። ምን እንደደረሰበት ያውቃል።

ሆድ የተመታ እንስሳ ምን እንደሚሆን የሚያውቅ ሰው ይህን ጽሑፍ ለምን እንደምጽፍ ይገባዋል። ሳንባው የተመታ እንስሳ ብዙ አይርቅም። ሆዱ የተመታ ግን ወዲያው ከተከተሉት ይነሳና ይሄዳል፤ የደም ዱካውም ቀጭን ነው። ልምድ ያላቸው አዳኞች የሚመክሩት ዝም ብሎ መጠበቅን ነው። ስድስት ሰዓት፣ ስምንት ሰዓት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ። ካልተረበሸ ቅርብ ቦታ ተኝቶ እዚያው ይሞታል። ማታ ጀንበር ስትጠልቅ የተተኮሰ ከሆነ ደግሞ ፍለጋው የሚጀምረው ጠዋት ነው። ጠዋት ተጀምሮ መቼ እንደሚያልቅ ማንም አያውቅም።

እስቲ ያንን ከመመለሻ ትኬት ጋር አስቡት። የመጨረሻው ቀን ማታ ተተኮሰ። አውሮፕላኑ የሚነሳው በነጋታው ረፋድ ላይ ነው። ኤርፖርቱ የሦስት ሰዓት መንገድ ነው። የተከራዩት መኪና መመለስ አለበት። ጠመንጃ መያዙም እንደገና ባንኮኒ ላይ መገለጽ አለበት። እንግዲህ አዳኙ ምን ያድርግ? ትክክለኛውን ያውቃል። ትክክለኛውን ለማድረግ ግን ትኬት ማቃጠል፣ አለቃ ጋ መደወል፣ አዲስ ትኬት መግዛት አለበት። ብዙ ሰው ያደርገዋል፤ አይቻለሁ፣ አክብሬያቸዋለሁም። የማያደርግም አለ። በሌሊት በባትሪ ብርሃን ይሮጣል፣ የተኛውን እንስሳ ያስነሳል፣ ከዚያ ጠፋብኝ ብሎ ይሄዳል።

ጫናው ከተኩሱ በኋላ ብቻ አይደለም የሚመጣው። ከተኩሱ በፊትም አለ። የመጨረሻው ቀን፣ የመጨረሻው ብርሃን፣ እንስሳው ሩቅ ነው፣ ነፋስ አለ፣ አቋሙም ጥሩ አይደለም። ሌላ ቀን ቢሆን ጣት ማስፈንጠሪያው ላይ አያርፍም። የመመለሻው ሰዓት ትኬቱ ላይ ታትሞ ሲቀመጥ ግን ሰው «ልሞክራት» ይላል። እኔ ይህችን «ልሞክራት» እፈራታለሁ። በመኪና የሄደ ሰው ከዚህ ፈተና ነፃ ነው አልልም፤ እሱም ሥራ አለው፣ እሱም ቤተሰብ ይጠብቀዋል። ግን ግማሽ ቀን መጨመር ለእሱ አንድ ስልክ መደወል ነው። ማንም አያስቀጣውም። ያቺ ግማሽ ቀን ደግሞ የእንስሳው ዕድል ናት።

ሥጋውስ? እዚህ ላይ ቁጥሩ ራሱ ይናገራል። ኤልክ የሚባለውን ትልቁን የሰሜን አሜሪካ አጋዘን ውሰዱ። ለአካለ መጠን የደረሰ ወንድ ኤልክ 300 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። አጥንቱ ወጥቶ ንጹሕ ሥጋው ብቻ ሲቀር 100 ኪሎ አካባቢ ይሆናል። ብዙ አየር መንገዶች ለአንድ ሻንጣ የሚፈቅዱት 23 ኪሎ ነው። ሥጋው ብቻውን አምስት ሻንጣ ሊሞላ ነው ማለት ነው፤ ያውም የማቀዝቀዣ ሣጥኑ ራሱ ክብደት ሳይቆጠር። በደረቅ በረዶ፣ ማለትም ቀዝቅዞ በጠጠረ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ላቀዝቅዘው ቢባል ለአንድ መንገደኛ የሚፈቀደው 2.5 ኪሎ ነው። እሱም በአየር መንገዱ ፈቃድ፣ ጋዙ የሚወጣበት ክፍተት ባለው ማሸጊያ። ደረቅ በረዶ እየተነነ ጋዝ ስለሚሆን፣ አየር እንዳያስወጣ ተደርጎ የታሸገ ሣጥን ሊፈነዳ ይችላል። ለ100 ኪሎ ሥጋ 2.5 ኪሎ ደረቅ በረዶ ምንም አይደለም። በአውሮፕላን ሥጋ በደህና የሚደርሰው አስቀድሞ በማቀዝቀዣ እንደ ድንጋይ ከጠጠረ ነው። እስኪጠጥር ደግሞ ትልቅ ማቀዝቀዣና ቀናት ይፈልጋል። ተመልከቱ፣ ዞሮ ዞሮ የምንመጣው እዚያው ሰዓት ላይ ነው።

በመኪና ሲሆን ጥሩ ጥሩ የበረዶ ሣጥኖች ከኋላ ይጫናሉ። ሥጋው ከ4 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች እስከቆየ ድረስ መንገዱ ሁለት ቀን ቢሆንም አይጎዳም። ትልልቅ የበረዶ ብሎኮች ከተፈጨው በረዶ ይልቅ ቀስ ብለው ይቀልጣሉ። የቀለጠው ውኃ መፍሰሻ ቀዳዳው ተከፍቶ ይውጣ፤ ሥጋ ውኃ ውስጥ ሲዘፈዘፍ ይበላሻል። ነዳጅ በተቀዳ ቁጥር ክዳኑን ከፍቶ ማየት፣ በረዶ ካነሰ መጨመር ነው። ይህ ሥራ አይሰለቸኝም። ከጉዞው ሁሉ የምወደው ክፍል ነው ብል አላጋነንኩም። የሰው ቤተሰብ ክረምቱን ሙሉ የሚበላውን ነገር እየጠበቅክ ነው የምትነዳው።

የመኪናው መንገድም የራሱ ሕግ አለው። አውሮፕላን ከላይ የሚያልፋቸውን ክልሎች ሁሉ መኪናው ይረግጣቸዋል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1986 የወጣው የመሣሪያ ባለቤቶች ጥበቃ ሕግ፣ መነሻውና መድረሻው ላይ መሣሪያውን መያዝ የተፈቀደለት ሰው በመሃል ያሉ ግዛቶችን እንዲያልፍ ይፈቅዳል፤ መሣሪያው ጥይት የሌለበትና በቀላሉ እጅ የማይደርስበት ከሆነ። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች መሃል ደግሞ አዳኞች የአውሮፓ የጦር መሣሪያ ፓስፖርት ይይዛሉ።

ከዚህ የባሰ የሚረሳው የእንስሳቱ በሽታ ሕግ ነው። አጋዘኖችን አክስቶ የሚገድል የአንጎል በሽታ አለ። መጀመሪያ የታየው እ.ኤ.አ. በ1967 በኮሎራዶ፣ ለምርምር በተያዙ አጋዘኖች ላይ ነበር። በ1981 በዱር ኤልክ ላይ ተገኘ። በ2016 ደግሞ ኖርዌይ ውስጥ ሬንዲር በሚባለው የቀዝቃዛ አገር የዱር አጋዘን ላይ። የሚያስተላልፈው ፕሪዮን የሚባል የተበላሸ ፕሮቲን ነው፤ ተራ የምግብ ማብሰያ ሙቀት አያጠፋውም። አፈር ውስጥም ለዓመታት ይቆያል። በዚህ ምክንያት ብዙ ክልሎች አንጎልና የአከርካሪ አጥንት ያለበትን ሬሳ ድንበራቸውን እንዲሻገር አይፈቅዱም። አጥንቱ የወጣ ሥጋ፣ ቆዳ፣ ከአንጎል የጸዳ የራስ ቅል ግን በአብዛኛው ያልፋል። በመኪና የሚሄድ ሰው የመድረሻውን ብቻ ሳይሆን የሚያቋርጠውን ክልል ሁሉ ደንብ አንብቦ ይነሳ። ሙሉ እንስሳ ጣራ ላይ ጭኖ መንዳት ያማረ ፎቶ ይሆናል፤ ጤናማ መንጋ ላለበት አገር ግን አደጋ ነው። ሥጋውን እዚያው ብልት በብልት አውጥቶ፣ አጥንቱን እዚያው ትቶ መነሳት ነው የሚሻለው። ጭነቱም ይቀላል።

እስካሁን መኪናውን ነው ያሞገስኩት። አሁን የሚያስፈራኝን ልናገር፣ እሱም እንቅልፍ ነው።

አደን ላይ ሰው ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ይነሳል። ቀኑን ሙሉ ተራራ ይወጣል። የተሳካለት ደግሞ ሥጋ ተሸክሞ ሲመላለስ ይመሻል። ከዚያ «በሌሊት ብንነዳ ጠዋት ቤት ነን» ይባላል። ለ17 ሰዓት ሳይተኛ የቆየ ሰው የመንዳት ችሎታው ደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል እንዳለበት ሰው ይሆናል። 24 ሰዓት ከሆነው ወደ 0.10 ይጠጋል፤ ይህ በብዙ አገር በስካር መንዳት ነው። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአራት ሰከንድ ከ110 ሜትር በላይ ይጓዛል። ዓይን ለአራት ሰከንድ ሲከደን መኪናው ያለ ሹፌር የሚሄደው ያንን ያህል ነው። በዚያ ላይ ያ አገር የዱር እንስሳ አገር ነው። ማታና ንጋት ላይ አጋዘን መንገድ ያቋርጣል።

በዚህ በኩል አውሮፕላን በብዙ ይበልጣል። በኪሎ ሜትር ሲሰላ ከመኪና እጅግ አስተማማኝ ነው፤ የሚያበረውም ሰው ያረፈ ነው። ብቻውን የሚሄድ፣ መንገዱ ረጅም የሆነ፣ ሰኞ ጠዋት ሥራ የሚገባ ሰው ካለ፣ እባክህ በአውሮፕላን ሂድ እለዋለሁ። መኪና የሚሻለው የመመለሻዋን ሌሊት ተኝተው ለሚያሳልፉ ብቻ ነው። ጓደኞቼ ጋ ይህ ደንብ ነው። ሥጋው በረዶ ውስጥ ገብቷል፣ አይቸኩልም። እኛ እንተኛለን። ጠዋት እንነሳለን።

ከፍታም መታሰብ አለበት። ከባሕር ወለል አካባቢ በአውሮፕላን ተነስቶ በዚያው ቀን 2,500 ሜትርና ከዚያ በላይ ላይ ድንኳን የተከለ ሰው፣ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ሊይዘው ይችላል። በመኪና የሚሄድ ሰው መሃል ከፍታ ላይ አንድ ሌሊት አድሮ መውጣት ይችላል። ሰውነት ለዚያ ያመሰግናል።

የኪራይ መኪና ሌላው ጣጣ ነው። ብዙዎቹ ውሎች ከዋናው መንገድ ውጪ መንዳትን ይከለክላሉ። አደኑ ያለው ደግሞ ኮረኮንች ላይ ነው። በራስ መኪና ሲሆን ጎማውን ታውቀዋለህ፣ ስኮርታው መነፋቱን አይተሃል፣ ክሪኩ የት እንዳለ አትፈልግም። ውሻ ይዞ የሚያድን ሰው ካለ ደግሞ ከእኔ ምክር አይፈልግም። ሙቀት ሲበዛ ብዙ አየር መንገዶች በዕቃ ክፍል እንስሳ አይጭኑም፤ ጫጫታውና ጨለማው ውስጥ ሰዓታት የቆየ ውሻም በነጋታው አፍንጫው እንደ ወትሮው አይሠራም ብዬ ነው የማስበው።

በአውሮፕላን ለሚሄድ ሰውም መንገዱ ዝግ አይደለም። ወዳጆቼ የሚያደርጉት አንድ ጥሩ ነገር አለ። ጊዜ ያለው አንዱ ዕቃውን፣ ድንኳኑን፣ የበረዶ ሣጥኖቹን ጭኖ ቀደም ብሎ ይነዳል። ሌሎቹ በአውሮፕላን ይመጣሉ። ሲመለሱ ሥጋው በመኪና ይሄዳል፤ ከሚበሩት አንዱ ትኬቱን ትቶ ከሹፌሩ ጋር ይነዳል። ወጪውን እኩል ይካፈላሉ። ይህ ካልሆነ ደግሞ ከመነሳት በፊት እዚያ አካባቢ ያለ የአደን ሥጋ አዘጋጅ ማግኘት፣ ደውሎ ወረፋ መኖሩን መጠየቅ ያስፈልጋል። ትርፉን ለተቸገሩ ሰዎች ምግብ ለሚያከፋፍሉ መስጠትም ይቻላል፤ የአደን ሥጋ የሚቀበሉ አሉ፣ ሕጉ ግን እንደየቦታው ስለሚለያይ ቀድሞ ይጠየቅ። ሥጋው የት እንደሚደርስ ሳያውቁ ጥይት መተኮስ ግን አይገባኝም።

ቀንድና ቆዳ ወደ ቤት መውሰድ የሚፈልግ ደግሞ ስለ አየር መንገዱ ደንብ ይጠይቅ። እ.ኤ.አ. በ2015 ዚምባብዌ ውስጥ ሴሲል የሚባለው አንበሳ ከተገደለ በኋላ፣ በርካታ ትልልቅ አየር መንገዶች የአንበሳ፣ የዝሆን፣ የአውራሪስ፣ የነብርና የጎሽ ቅሪት መጫን አቁመዋል።

በዚህ ዓመት አንድ ወዳጄ ለተራራ በግ አደን በአውሮፕላን ሊሄድ ነው። ርቀቱ በመኪና የሚሞከር አይደለም፤ እኔም ሂድ ብዬዋለሁ። የለመንኩት አንድ ነገር ነው። አደኑ የሚያልቅበትን ቀን የመመለሻ ቀን አድርጎ እንዳይቆርጥ። ሁለት ባዶ ቀን ይጨምርበት፣ ቀኑ የሚቀየር ትኬት ይግዛ፣ የፈቃድ እረፍቱንም በዚያው ልክ ያስረዝም። መጀመሪያ ላይ ሁለት ቀን ምን ልሠራበት ብሎኝ ነበር። ባለፈው ሳምንት ደውሎ ትኬቱን እንደቀየረ ነገረኝ። አሁን የሚፈልገው በዚያች ከተማ እሑድ የሚሠራ ሥጋ አዘጋጅ ነው።